ከአሻራ በፊት

ለገበሬዎች በነጻ ጥብቅና የምትቆም፣ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣች ልጅ መገናኛ ያለው ቢሮዬ ለአንድ ዓመት ተመደበች። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ታናድደኝ ነበር። እኔ በሩብ ሰዓት የምሸኘውን ባለጉዳይ እሷ ግማሽ ቀን ትይዘዋለች።

አንድ ጠዋት ከካራ ወዲያ የሚኖሩ እናት በእርሻቸው ድንበር ጉዳይ መጡ። አቤቱታውን ራሴ ጻፍኩና አሻራቸውን እንዲያኖሩ ቀለሙን አቀረብኩላቸው። ልጅቷ ቀለሙን ወደ ራሷ ሳበችው።

"እናቴ፣ መጀመሪያ ይስሙት" አለችና ወደ ኦሮምኛ እየመለሰች መስመር በመስመር ታነብላቸው ጀመር። እኔ ሰዓቴን አያለሁ።

ሦስተኛው መስመር ላይ ሴትየዋ ድንግጥ ብለው ወደ በሩ ዞሩ። "ባለቤቴ በሞት ስለተለየኝ" ይላል ጽሑፌ። ከሌላ ሰው አቤቱታ ስገለብጥ አብሮ የመጣ ነው። ባለቤታቸው እኮ በረንዳዬ ላይ ዱላቸውን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ!

ሌላ ሰው ቢሆን ያሳጣኝ ነበር። እሷ ግን እስክሪብቶዋን አቀበለችኝ።

ሃያ ዓመት ጠበቃ ስሆን ለአንድ ባለጉዳይ እንኳ አንብቤ አላውቅም። ስንቱን በቁሙ እንደቀበርኩ እግዜር ይወቀው።