ለአይጥ ፍራሽ

ደባርቅ ባለው የእንስሳት ክሊኒክ ሥራ የጀመርኩት አንድ ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ገና ከዩኒቨርሲቲ መውጣቴ ነበር። በቅሎ፣ በሬ፣ ቢያንስ ፍየል ጠብቄያለሁ። የቀረቡልኝ ግን ሁለት ጀርቢሎች ናቸው፤ ጠጉራም ጭራ ያላቸው የበረሃ አይጦች።

ባለቤታቸው ቀበሮ የምታጠና የውጭ አገር ሴት ናት። ሰሜን ተራሮች ውስጥ ወዳለው ሳንቃ በር ስትወጣ በአደራ ተወችልን። መንገድ ላይ ውሃ ፈሶ መኝታቸው ስለራሰ፣ አዲስ ማንጠፍ የእኔ ድርሻ ሆነ።

«አይጥ አይባሉም ዶክተር፤ ጀርቢል ናቸው» አልኳቸው አለቃዬን።

«ጭራው ጠጉር ስላበቀለ አይጥነቱ አይቀርም» አሉኝ። ከአናጢው ቤት አንድ ጆንያ የጽድ ሰጋቱራ አስመጡ። «ቢሮው የአይጥ ሽንት ከሚሸት ይኼ ይሻላል።»

ሳጥናቸው ውስጥ አነጠፍኩት፤ ቢሮው በጽድ ሽታ ደስ ብሎት ዋለ። ስምንት ሰዓት ላይ ትንሿ ማስነጠስ ጀመረች፤ ዓይኗም አለቀሰ። የጽድ ሽታ እንዲህ ያለችን ትንሽ ሳንባ እንደሚጎዳ ተምሬያለሁ።

«ዶክተር፣ ሽታው ነው» አልኩ።

«ምን አልሽ? አይጧ እንኳ ካንቺ ጮክ ብላ ታስነጥሳለች! ለማንኛውም ብትሞት ለሴትዮዋ መርዶ የምታረጂው አንቺ ነሽ።»

ሰጋቱራውን ከሳጥኑ ጠረግሁት። ምን ላንጥፍ? ጋዜጣ አይቆፈርም፤ ጀርቢል ደግሞ ካልቆፈረ አያርፍም። የጥጥ ክር እግር ይተበትባል። የደባርቅ የገብስ ገለባ ዓይን ይወጋል። የቀረኝ ለስላሳ የጤፍ ጭድ ነበር።

ደጅ ላይ ከዳባት በኩል የመጡ ገበሬ፣ አያ መኮንን፣ ጀርባዋ የቆሰለ በቅሎ ይዘው ቆመዋል። ለበቅሎዋ ስንቅ የጤፍ ጭድ በጆንያ ይዘዋል።

«አያ መኮንን፣ ትንሽ ጭድ ይሰጡኛል?»

«ለምንሽ?»

ሳጥኑን አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው አዩና ቀና አሉ።

«አንቺ ልጅ! እኔ ከበቅሎዋ ሌላ የአይጥ መርዝ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። ጎተራዬን ላራቆቱት ፍራሽ ላንጥፍ?»

«እነዚህ የእርስዎን ጎተራ አያውቁትም፤ የተወለዱት ባሕር ማዶ ነው።»

«ዘመዶቻቸው ግን አሳምረው ያውቁታል!»

«የሰው አደራ ናቸው፤ ትንሿ ልትሞትብኝ ነው» አልኩ።

አደራ ሲሰሙ ጆንያውን ፈቱ። «ውሰጂ። የእኔዎቹ እንዳይሰሙ ብቻ።»

ጭዱን ነፋስ ላይ አራግፌ አቧራውን አስወጣሁ፤ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጌ ሳጥኑን ሞላሁት። ሁለቱም ሰርስረው ገብተው ተሰወሩ። ዶክተሩ ሳጥኑን አይተው «አመለጡ እንዴ?» ሲሉ ወንበር ላይ ሊወጡ ምንም አልቀራቸው።

የእንስሳ መኝታ የሚመረጠው ለሚተኛበት አፍንጫ ነው፤ ለቢሮው አፍንጫ አይደለም።

በማግሥቱ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። ትንሿ ጭዱን ቆራርጣ ጎጆ ሠርታ፣ ዓይኗ ደርቆ፣ ስንዴ ትፈለፍላለች። ዶክተሩ ሲደርሱ የሰጋቱራውን ጆንያ ወደ ደጅ እየጎተትኩ ነበር።

«ማን ፈቀደልሽ?» አሉኝ።

«ማንም» አልኩና ደጃፉን አሻገርኩት።