የተክሌ የዓሣ ጫጩቶችና የበርሜሉ ውኃ

እስካሁን ሁለት የንስሐ አባቶች ተፈራርቀውልኛል። የመጀመሪያው አረፉ፤ አሁን ያሉት ልጅ እግር ናቸው። ለሁለቱም ኃጢአቴን ስቆጥር ኖሬያለሁ፤ ያማሁትን፣ የሰከርሁትን፣ ጾም የሻርሁትን። ይህችን አንዷን ግን ሁልጊዜ ዘልያታለሁ። ለምን? «በዓሣ ነው እንዴ ይህን ያህል የምትጨነቀው?» ይሉኛል ብዬ። እስኪ የዓሣ ነገር ብቻ ከሆነ እናንተው ፍረዱ። ፊደል የቆጠርሁት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ጽሕፈቴም የዶሮ ጭረት ነው። ቢሆንም ሌላ ሰው እንዲጽፍልኝ አልፈልግም። ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ የምጽፈውም እኔ ነኝ።

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ዓሣ አጥማጅ ነበርሁ። የምንኖርበት ግቢ ሁለት ቤትና አንድ ቧንቧ ነበረው። በአንዱ ቤት እኔና «ጥሩ» እያልሁ የምጠራት ባለቤቴ ጥሩወርቅ ነበርን። በሌላው የፋብሪካ መካኒክ የሆነው ተክሌ ከእናቱ ከእማማ ለተብርሃን ጋር ይኖር ነበር። የምጽዋ ሰዎች ናቸው።

ያን ጊዜ ልጃችን ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። ወንድ ነው፤ የስምንት ወር። የገደለው ንዳድ ነው፤ ሐኪሙም እንዲያ ብሏል። ጥሩ ግን የሐኪሙን ቃል አልሰማችም። የታመመ ዕለት ሙቀት ስለነበር ከሰዓት በኋላ ገላውን አጥባው ነበር። «ውኃ ያስነካሁት እኔ ነኝ፤ እጄ ነው» አለች፤ በዚያው ቀረች። እኔ የት ነበርሁ? ከሐይቁ ማዶ ደልጊ፣ መረብ ላይ። ስመለስ ተቀብሯል። ከዚያ ወዲያ ወጥ ትሠራለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ የጠየቅኋትን ትመልሳለች፤ ሌላ የለም። ሳቅ ከቤታችን ወጣ። እውነቱን ልናገርና፣ ሐዘኗን ለምጄው ነበር። የትም አትሄድም፤ ማንንም አታይም፤ የእኔ ብቻ ነበረች።

አንድ ቀን ተክሌ መጣና «ጋሽ አለኸኝ፣ ከነነፍሱ ዓሣ ያመጡልኛል?» አለኝ።

«ምን ልታደርገው?»

«ላሳድገው።»

ሳቅሁበት። ዓሣ እንደ በግ ታስሮ ያድጋል እንዴ? እሱ ግን ብረት በይዶ፣ የመስኮት መስታወት በስቱኮ ለጥፎ፣ እንደ ሣጥን ያለ ነገር ሠርቶ ኖሯል። ጠብታ አያፈስም።

አፏ የሞላ ቆረሶ አመጣሁለት። ቆረሶ እንደ ሌላው ዓሣ እንቁላሏን ጥላ አትሄድም። በአፏ ይዛ ታስፈለፍላለች፤ አገጯ ያብጣል፤ እስኪፈለፈሉም እህል አትቀምስም። እንዲህ ያለችው መረብ ውስጥ ስትገባ፣ በእኛ ሙያ፣ ጭንቅላቷን ወደ ውኃው ዘቅዝቀን እንይዛታለን። ጫጩቶቿን ወደ ሐይቁ እስክትተፋ እንጠብቅና እሷን ታንኳው ላይ እንጥላታለን። እኔ ያን ዕለት ሳላስተፋት በባልዲ ይዣት መጣሁ። ደግነት እንዳይመስላችሁ፤ ኩራት ነው። ይህ የፋብሪካ ሰው የማያውቀውን ላሳየው ብዬ ነው።

ምን ያደርጋል፣ ያውቀው ኖሯል! «በእኛ ባሕር ደግሞ ጣት የምታህል ቀይ ዓሣ አለች፤ የእሷን እንቁላል በአፉ የሚይዘው አባትየው ነው» አለ።

ከእማማ ለተብርሃን ጎን የቆመችው ጥሩ «አባትየው?» አለች።

«አዎ እትዬ፣ አባትየው! እስኪፈለፈሉ አፉን አይከፍትም፤ አይበላም፤ ከቦታውም አይርቅም።»

ጥሩ ዞራ አየችኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየችኝ። ምን ማለቷ ነበር? ምናልባት ምንም። እኔ ግን በዚያች አንድ እይታ ውስጥ ደልጊን አየሁ። ተክሌን መጥላት የጀመርሁት ያን ጊዜ ነው።

ከሳምንት በኋላ መረብ ስጠግን ከተክሌ ቤት ሳቅ ሰማሁ። የማን እንደሆነ ለማወቅ እጄን አቆምሁ። የሚስቴን ሳቅ ረስቼው ነበር! «ገቡ! ገቡ! እማማ፣ ይዩአቸው፣ ሁሉም ተመልሰው አፏ ውስጥ ገቡ!» ትላለች። ጫጩቶቹ ወጥተው ሲዋኙ ጥላ ካዩ ወደ እናታቸው አፍ ይሮጣሉ። በዚያ ነው የሳቀችው። ሰው ቢሆን «ተመስገን» ይላል። እኔ ምን አልሁ? «ለእኔ ሦስት ዓመት የከለከለችኝን ለእሱ በሳምንት ሰጠችው» አልሁ። ይህን አልሁ እኔ።

ጫጩቶቹ ሲጠነክሩ ተክሌ እናቲቱን መልሶ ሰጠኝና «ወደ ሐይቁ ይልቀቁልኝ» አለኝ። «እሺ» አልሁ። ጠላ ቤት ወስጄ አስጠብሼ በላኋት። ክፋት ከትንሽ ነው የሚጀምረው፤ የእኔም ከዚያች ጀመረ።

አሳዳጊነቱ ለጥሩ ሆነ። ተክሌ ፋብሪካ ይውላል፤ እሷ ከአሮጊቷ ጋር ከመስታወቱ ሥር ትውላለች። ጫጩቶቹ አየር የሚያገኙት ከመኪና ጎማ ካላማዳሪያ ነው። በብስክሌት መንፊያ ትሞላዋለች፤ በቀጭን ጎማ ትንሽ ትንሽ እያለ ውኃው ውስጥ ይንቦቀቦቃል። እንቁላል ቀቅላ አስኳሉን በነጠላ ጨርቅ ጨምቃ ታጎርሳቸዋለች። እንቁላል! እኔ ቤት ለበዓል ካልሆነ የማይሰበረውን። ማታ ራት ላይ ደግሞ «ተክሌ እንዲህ አለ፤ ተክሌ እንዲያ አለ፤ አንደኛው ከሌሎቹ ፈጥኖ ማደጉን ብታየው» ትለኛለች። እኔ መሶቡን ገፋ አድርጌ እነሣለሁ።

የሰፈሩ ሰው ሊያይ መጉረፍ ጀመረ። ጠላ ቤት አንዱ ቀልደኛ «ኧረ አለኸኝ! አንተ ዓሣ ትገድላለህ፣ ተክሌ ዓሣ ያሳድጋል፤ ሴት ልጅ ከማን ጋር ብትውል ይሻላታል?» አለኝ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ጥርሴን ነክሼ።

በመካከላቸው ነውር አልነበረም። ይህን አሳምሬ አውቅ ነበር። አሮጊቷ ከቤተ ክርስቲያን በቀር ከቤት አይወጡም፤ እሱም «እትዬ» እያለ ዓይኑን ሰብሮ ነው የሚያናግራት። ነውር ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሰው ይደበደባል፤ ሽማግሌ ይጠራል። በሳቅ ግን ማን ይከሰሳል?

ከዚያ ተክሌን ለፖለቲካ ትምህርት ሁለት ሳምንት ወደ አዲስ አበባ ላኩት። ሲሄድ ጥሩን ቁጭ አድርጎ የውኃውን ነገር ደጋገመላት። እኔም ነበርሁ። የቧንቧ ውኃ መድኃኒት ስላለበት ጫጩት ይፈጃል። ስለዚህ ደጅ ባለው በርሜል ተሞልቶ፣ ሁለት ቀን ፀሐይ መትቶት፣ መድኃኒቱ ሲወጣለት ነው የሚጨመርላቸው። «እሑድ እሑድ ግማሹን ይቀይሩላቸው እትዬ። ጋሽ አለኸኝ፣ እርስዎም ይርዷት» አለ። አደራ ነው። አደራውን እኔም ተቀብያለሁ።

እሑድ ጠዋት ቀበሌው ለጽዳት ዘመቻ ጠራ። እኔ «ወገቤን አሞኛል» ብዬ ቀረሁ። ጥሩ ወጣች። እማማ ለተብርሃን ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። በርሜሉን እኔ ገለበጥሁት። የቧንቧውን ጎማ ስቤ እኔ ሞላሁት። በዚያ ሰሞን መድኃኒቱን አብዝተውት ስለነበር ውኃው ሲወርድ አፍንጫ ይወጋ ነበር። የረጠበውን መሬት በአመድ አለበስሁት። ከዚያ ገብቼ ተኛሁ፤ ወገቡን እንዳመመው ሰው።

አሮጊቷ ያፈስሱታል ብዬ ነበር ብላችሁ ደስ ባለኝ። አልልም። የሚያፈስሰው የጥሩ እጅ እንደሆነ አውቅ ነበር። እጇን እንደምትፈራም አውቅ ነበር። ሁሉን አውቄ ነው።

መጣች። ልብሷን ለወጠች። ጉንፋን ይዟት ስለነበር ሽታው አልተሰማትም። እየዘፈነች ነው በጣሳ ያፈሰሰችው፤ ቀስ ብላ፣ ጫጩቶቹ እንዳይደነግጡ። አልጋዬ ላይ ሆኜ እያንዳንዷን ጣሳ ሰማሁ። ተነሥቼ «ተይ!» ማለት እችል ነበር። አንድ ቃል ነው። አላልሁም።

ኋላ እንደሰማሁት፣ መጀመሪያ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከፈቱ። ቀጥለው ተገለበጡ። አንድም አልተረፈ። ጥሩ አልጮኸችም። በማጥለያ ሰብስባ ከፓፓያው ሥር ቀበረቻቸውና ገብታ ከአጠገቤ ተቀመጠች። እጇን ጭኗ ላይ ዘርግታ አየችው። «አየህ፣ አለኸኝ?» አለችኝ። እኔ ምን አልኋት? «ዓሣ አይደል እንዴ» አልኋት።

ተክሌ ተመልሶ ሲሰማ አልተቆጣም። «ውኃው ሁለት ቀን አድሮ ነበር እትዬ?» ብሎ ብቻ ጠየቃት። «አድሮ ነበር፤ አርብ የሞላሁት ራሴ ነኝ» ብላ ማለችለት። እውነቷን ነው። «እንግዲያው በሽታ ይሆናል፤ ጋሽ አለኸኝ ሌላ እናት ያመጡልናል» አላት። እኔን አየኝ። አፏ የሞላ ቆረሶ በዚያው ሳምንት ሁለት ጊዜ መረቤ ገብታ ነበር። «ወቅቷ አልፏል» አልሁት። ጥሩም ከዚያ ቀን ጀምሮ የተክሌን ደጃፍ አልረገጠችም። የፈለግሁትን አገኘሁ፤ የእኔ ብቻ ሆነች። ተክሌ በዓመቱ ተዛወረ። ሲሄድ ያን የመስታወት ሣጥን ለእሷ ተወላት፤ ሽንኩርት አስቀመጠችበት።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ለቄሱ እነግራቸው ነበር። አላበቃም። ከአራት ዓመት በኋላ የጥሩ እህት ወንዛዬ በወሊድ ሞተች። ወንድማቸው ሕፃኗን በጋቢ ጠቅልሎ እኛ ቤት አመጣት። «ልጅሽ ናት፣ አሳድጊያት» አላት። ጥሩ እጇን ከነጠላዋ ሥር ሸሸገች። «ለእኔ እጅ አትስጡ። ውኃ ባስነካኋት ቀን ትሞታለች። የልጄን አይታችኋል፤ የዓሣዎቹን አይታችኋል» አለች። ወንድሟ ለመናት፤ ጎረቤት ለመናት። ልጅቷ ታለቅሳለች። እኔ መቃኑን ተደግፌ ቆሜያለሁ። «ውኃውን የለወጥሁት እኔ ነኝ» ማለት ነበር የቀረኝ። ምላሴ ላይ ነበር። «አልሆን ካላት አትጫኗት» አልሁ። ሕፃኗን ወረታ ያሉ የአባቷ ዘመዶች ወሰዷት። ጥሩ ለሦስት ቀን ከአልጋ አልወረደችም።

በእርጅናዋ ስትታመም ሰባት ወር አስታመምኋት። በየቀኑ ነገ እነግራታለሁ እላለሁ። ሰላሟን ላለመንሳት ነው ብዬ ራሴን አታልል ነበር። ውሸት ነው። ብነግራት እጇን ነጻ አወጣላት ነበር፤ ሰላሟ እሱ ነበር። ያልነገርኋት ስለ ቀናሁ ነው። ብነግራት ተክሌን ታስታውሳለች፤ ያን መስታወት፣ ያን ሳቅ ታስታውሳለች፤ በመጨረሻዋ ሰዓት ስሙን ትጠራለች ብዬ ነው። አፏ ላይ የእኔ ስም ብቻ እንዲሆን ፈለግሁ። እንደፈለግሁትም ሆነ። «አለኸኝ» ብላ ነው የሞተችው።

እናንተ ይቅር ብትሉኝ ምን ይሠራልኛል? ይቅር የምትለኝ እሷ ነበረች፤ ሳልጠይቃት ቀበርኋት። ደግሞም ንስሐ ማለት መተው ነው ይላሉ አባ። ይህን ስጽፍ ያ ሳቅ ትዝ አለኝ፤ እሱ አስቋት እኔ ያላሳቅኋት። አሁንም ያቃጥለኛል። አልተውሁም።