ያልፈረምኩት መልቀቂያ

ይህ ነገር የገጠመኝ አምና ማንጎ በበሰለበት ወር ነው። የማልረሳው አሥራ አንድ ዓመት ከቆምኩበት በር በአንዲት ወረቀት ልባረር ምንም ስላልቀረኝ ነው።

እኔ በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ የመጣሁ ሰው ነኝ። አሶሳ ዳር ባለ የእብነ በረድ መቁረጫ ዘበኛ ነኝ። ባልደረባዬ ሐምዳን የአገሩ ተወላጅ፣ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነው። እሱ ሌሊት፣ እኔ ቀን። አንዳችን ችግር ሲገጥመን ሌላው ደርቦ ይቆማል። ለቢሮ አንናገርም። በሩ ሰው ካለው ማን ምን አገባው ብለን እንዲሁ ኖርን።

ታዲያ ሆሞሻ የሚኖር ወዳጄ ሞተ። በሰፈራው ጊዜ ወባ ሲጥለኝ በአህያው ጭኖ ሐኪም ቤት ያደረሰኝ ሰው ነው። ቀብሬው ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥኩ። ሐምዳን ቀንም ሌሊትም ቆመልኝ።

ስመለስ ሥራ አስኪያጁ ጠራኝ። ከመጣ ገና ሁለት ወሩ ነው፤ ሽማግሌውን ሁሉ «ፋዘር» የሚል ልጅ። የት እንደጠፋሁ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። አልተቆጣም። ወረቀት አቀረበልኝና የሐዘን ፈቃድ ማስተካከያ ነው፣ እዚህ ጋ ፈረም ያድርጉ አለኝ።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። እየለቀምኩ ነው የማነበው። ግን ሳላነብ አልፈርምም። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«ፋዘር፣ እኔ ላንብብልዎት» አለኝ።

«አንተ ካነበብከው ያነበብከው አንተ ነህ» አልኩት።

ጣቴን ከፊደሉ ሥር እያስኬድኩ ገባሁበት። ጸሐፊዋ ሻይዋን ጠጥታ ጨረሰች። ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ «በገዛ ፈቃዴ ሥራዬን ለቅቄአለሁ» ይላል። ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ ደግሜ ለቀምኩት። ያው ነው።

ወረቀቱን መለስኩለት። «ልታባርረኝ ከፈለግህ አንተ ጻፍ፣ አንተ ፈርም። እኔ ለቀቅሁ አላልኩም።»

እንግዲያው ከነገ ጀምሮ እንዳልመጣ ነገረኝ። በአፉ ብቻ።

በማግስቱ ሐምዳንን ይዤ የሠራተኛ ጉዳይ ወደሚታይበት ቢሮ ሄድኩ። የተቀበለችን ሴት ነገሩን ስነግራት እየጻፈች ሰማችኝ። ሐምዳን ግን አላስቻለውም።

«እኔ አለ፣ በር አለ። ምንድነው የጠፋ?» አላት በሰባራ አማርኛው።

ሳቀች። ከዚያ አስረዳችን። ቃል ብቻውን ሰው አያባርርም፣ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጣል። በመቅረት የሚያሰናብቱትም በስድስት ወር ውስጥ አምስት የሥራ ቀን ለቀረ ነው፤ ያውም በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት።

«ለቅቄአለሁ ብለው ፈርመው ቢሆን ግን፣ አባቴ፣ ምን ብለን እንከራከር ነበር?» አለችኝ።

እኛንም አልማረችንም። ቢሮው ሳያውቅ መቀያየራችሁ ጥፋት ነው አለች። እውነቷን ነው። ከዚያ ለሥራ አስኪያጁ ደወለችለት።

ወደ ሥራዬ ስመለስ ሥራ አስኪያጁ ማባረሩን ትቶ ሌላ ወረቀት ሰጠኝ፤ ሳያስፈቅዱ በመቅረትዎ ማስጠንቀቂያ ይላል። ይህንንም ለቅሜ አነበብኩት፣ እሱም ተቀምጦ ጠበቀኝ። እውነት ስለሆነ ፈረምኩለት።

ያን ቀን ሴትዮዋን ሌላም ነገር ጠይቄአት ነበር። መምህር ልጅ አለኝ፤ እሱስ ስላት፣ የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነ ሕጉ ሌላ ነው፣ ለማሰናበት መጀመሪያ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ይቀመጥበታል አለችኝ። የልጅ ልጄ ደግሞ እዚሁ ከተማ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። እሷስ አልኳት። ብዕሯን አስቀመጠችና የቤት ሠራተኛ በዚህ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ አትታይም አለችኝ።

እኔ ዛሬም በሩ ላይ ነኝ። ለራሴ አልፈራም፤ የሚያባርረኝ ቢመጣ በደንቡ ይምጣ። የሚያንገበግበኝ የልጅቷ ነው። «ሻንጣሽን ያዢ» ካሏት አለቀ። አልፈርምም የምትልበት ወረቀት እንኳ የላትም።

አሠሪዋ ዘንድ ሄጄ፣ ልታሰናብቻት ስታስቢ ወር ቀድመሽ እንደምትነግሪያት ጽፈሽ ስጫት አልኳት። ሳቀችብኝ። በሚቀጥለው እሁድ ተመልሼ ሄድኩ። አሁን አሁን ስሄድ ወንበር ታቀርብልኛለች፤ መጻፉን ግን አልጻፈችም። እኔም እሁድ እሁድ መሄዴን አልተውኩም።