አንድ ድንች ምርቃት

ባለፈው እሁድ ሰፈራችን ካለው ገበያ ሽንኩርት ልገዛ ወረድኩ። ሻጩ ሁለት ኪሎ መዘነልኝ። ሚዛኑ ትንሽ አለፍ ሲልበት ከላይ አንዲት ሽንኩርት አነሳና ወደ ክምሩ መለሳት።

"ምርቃቱስ?" አልኩት ሳላስበው።

"ማዘር፣ ልክ ሁለት ኪሎ ነው" ብሎ ፌስታሉን አቀበለኝ።

እውነቱን ነው፣ ልክ ነበር። እኔ ግን መንገዱን ሁሉ የማስበው ሻንቶን ነበር፤ ሻንቶንና እትዬ ታደለችን።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። በማኔጅመንት ተመርቄ ወረቀቴን እንደያዝኩ፣ የገበያ ሴቶችን አነስተኛ ንግድ ላስተምር በበጎ ፈቃደኝነት ወላይታ ወረድኩ። አዲስ አበባ ተወልጄ ላደግኩ፣ ከወላይታ ቋንቋ "ሳሮ" ከሚለው ሰላምታ በቀር ለማላውቅ ለእኔ፣ ውጭ አገር የሄድኩ ያህል ነበር። ሶዶ ቤት ተከራይቼ በየጠዋቱ በሚኒባስ ሻንቶ ወደምትባለው ትንሽ ከተማ እሄዳለሁ። ክረምት ስለነበር ቀዩ ጭቃ ጫማዬን ከእግሬ ላይ ነጥቆ ያስቀረው ነበር። ሴቶቹ የተቀቀለ ስኳር ድንች በዳጣ ያበሉኛል። ዳጣው አንደበቴን ዘግቶ እንባዬን ሲያወርደው በሳቅ ይፈርሳሉ። አቤት ያ ዳጣ! ዛሬም ሳስበው አፌ ውኃ ይሞላል።

እትዬ ታደለች ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ የፊተኛው አግዳሚ ላይ ነበር የምትቀመጠው። ባሏ ሞቶባት አራት ልጆች የምታሳድገው ሻንቶ ገበያ ላይ ስኳር ድንች በመደብ እየከመረች በመሸጥ ነው። አማርኛዋ ወንድና ሴት ብዙም አይለይም፤ እኔም ለሁለት ወር ሙሉ "አንተ" ሆኜ ከረምኩ። መጀመሪያ ላርማት ሞከርኩ፣ በኋላ ግን ወደድኩት።

አንድ ቀን ስለ ትርፍና ኪሳራ ሳስተምር ጥቁር ሰሌዳው ላይ የድንች ክምር ሳልኩ። በየመደቡ ላይ ለምርቃት ጣል የሚያደርጓት አንዲት ድንች በዓመት ስንት ጆንያ እንደምትሆን አሳየኋቸው። "ምርቃት ኪሳራ ነው፤ ተዉት!" አልኩ በሙሉ ልብ። ማን ይቻለኝ! ሁሉም በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ገበያ ሲወጡ ግን እንደ ልማዳቸው ቀጠሉ። ያመነችኝ አንድ ሰው ብቻ ነበረች።

ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ እትዬ ታደለች ሌሎቹ ሲወጡ ወደኋላ ቀረች።

"ቲቸር፣ አንተ ያልከው አደረግኩ።"

"ጎበዝ!"

"ጎበዝ አይደለም። ድንች ቁጭ ብሏል። ሰው ያልፋል። እማማ ዘውዴ እንኳ አለፈ፤ ሰላም አላለም።"

እማማ ዘውዴ በዕድሜ የገፉ የሰፈሯ ሴት ናቸው፤ ልጆቿ ሳይወለዱ ጀምሮ ደንበኛዋ ነበሩ። እሷ አንድ ድንች ትጨምርላቸዋለች፣ እሳቸው ደግሞ "እጅሽን ይባርከው፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ" ብለዋት ይሄዳሉ። ድንቹ ሲቀር ያም አብሮ ቀረ። ይህ ሁሉ እኔ ሰሌዳ ላይ ከሳልኩት ክምር ውስጥ አልነበረም።

"ድንች ይበስብስ፣ ግድ የለም" አለችኝ እንባዋ እየመጣ። "የእማማ ዘውዴ ምርቃት ቀርቶብኝ ግን ልጆቼ እንዴት ያድጋል?"

የምገባበት ጠፋኝ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ከእትዬ ታደለች ጎን ጆንያ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። እማማ ዘውዴ ጥላቸውን ይዘው መጡ፣ ፊታቸውን አዙረው አለፉን፣ ወደ ሌላ መደብ አመሩ። ሁለት ድንች አፈፍ አድርጌ በጭቃው ውስጥ ተከተልኳቸው።

"እማማ፣ ጥፋቱ የኔ ነው! ምርቃት እንዳትሰጥ የከለከልኳት እኔ ነኝ።"

"ምን ብለሽ?"

"ኪሳራ ነው ብዬ።"

እማማ ዘውዴ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። "እኔ እኮ ምን አስቀየምኳት እያልኩ ስብሰለሰል ከረምኩ" አሉ።

ተመልሰው መጡና አንድ መደብ ገዙ። እትዬ ታደለች አንድ ድንች ጣል አደረገች፣ ደገመች፣ ሠለሰች። እማማም ገበያው እስኪሰማ ድረስ እሷን፣ ልጆቿንና ማሳዋን መረቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና፣ "አንቺንም ልቦና ይስጥሽ" አሉኝ። አጠገባችን ያሉት ነጋዴዎች ሁሉ ሳቁብኝ።

ሥልጠናው ያለቀ ዕለት ለሁሉም የምስክር ወረቀት ሰጠሁ። እትዬ ታደለች የሷን ተቀብላ ገለባበጠችውና፣ "አንተ ምርቃት ተዉ አልክ፤ ዛሬ ራስህ ምርቃት ደገስክ" አለችኝ። ከዚያ ከነጠላዋ ጫፍ አንድ ድንች ፈታ እጄ ላይ አኖረች። ሶዶ እስክገባ ሚኒባሱ ውስጥ ጨብጬው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት ንግድ አስተምሬአለሁ፤ ምርቃትን ግን ኪሳራ ብዬ አላውቅም። ያ የእሁዱ ሻጭም አልበደለኝም፣ የከፈልኩበትን ሰጥቶኛል። ያም ሆኖ ቤቴ ገብቼ ሽንኩርቱን እየላጥኩ፣ በማላውቀው ሰውዬ ላይ ሆድ ብሶኝ፣ ምን አስቀየምኩት ይሆን እል ነበር።