የእናቴ ድምፅ ያለባት ካሴት

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ ሰብለ ስልኳ ላይ ዘፈን ስታወርድ አባቷ ከደጅ ገባና «ሳይከፍሉ የሚያወርዱትን ሊያስሩ ነው አሉ» ብሎ አስፈራራት። እሷም ሳቀች።

«እማማ፣ ለዘፈን ሰው ይታሰራል እንዴ?»

እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። ወንድሜ አያሌው ታስሯል።

ያኔ ደብረ ታቦር ገበያ ዳር ጠባብ ካሴት ቤት ነበረችው። ክረምት ሲሆን ጣራዋ ያፈስሳል፤ ካሴቶቹን በላስቲክ እንሸፍናቸው ነበር። አያሌው ሁለት ቴፕ ጎን ለጎን አስቀምጦ ዘፈን ይቀዳል። ነጋዴውም፣ አስተማሪውም፣ ፖሊሱም ሳይቀር «ቅዳልኝ» እያለ ይመጣል። ነውር ነው ያለን አልነበረም።

እናታችን የምትኖረው እብናት ነበር። ሁላችንም ፊደል ስላልቆጠርን ደብዳቤያችን ካሴት ነበር። እሷ ተናግራ ከበሶ ጋር በአንድ ስልቻ ትልክልናለች። ከመስማታችን በፊት ዱቄቱን እፍ እንላለን። በመጨረሻዋ ካሴት «አያሌው፣ እህትህን አትቆጣት። አንቺም ብርድ እንዳይመታሽ... እሽ! ይቺ ዶሮ አላስወራ አለችኝ» ትላለች። እናታችን ብዙም ሳትቆይ ሞተች።

ካሴት ውድ ነበርና አንዱን ፊቱን ባዶ የሚተው ሰው አልነበረም። አያሌውም በጀርባዋ ዘፈን ቀድቶባት ነበር።

አንድ ቀን ፖሊሶች መጥተው ያለውን ካሴት ሁሉ፣ የእናታችንንም ጭምር፣ በማዳበሪያ ሞልተው ወሰዱ። ፍርድ ቤት ከሳሹ ዘፋኝ ራሱ መጣ፤ ኮቱ ክርኑ ላይ የሳሳ፣ ከሲታ ሰው ነው።

«ዘፈንህን ስለወደድሁት ነው እኮ የቀዳሁት» አለው አያሌው።

«ወደድከኝ ብዬ ልጆቼን አላበላም» አለ ሰውየው።

አያሌው አንገቱን ደፋ። እኔም ለዘፋኙ አዘንሁ፤ እውነቱን ነበር። ዳኛው ግን እስራት ፈርደው ካሴቶቹ በሙሉ ይቃጠሉ አሉ። ያን ጊዜ ተነሣሁ።

«ጌታዬ፣ አንዷን ብቻ ይስጡኝ። የሞተች እናቴ ድምፅ አለባት።»

«በጀርባዋስ ምን አለ?»

«ዘፈን።»

«የተቀዳ ዘፈን?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው ትቃጠላለች፤ ተቀመጪ።»

ከፍርድ ቤቱ ጓሮ አቃጠሏቸው። የላስቲኩ ሽታ ነጠላዬ ላይ ሰነበተ።

አያሌው ሲፈታ፣ ገና ከወህኒው በር ላይ «ያችን አወጣሻት?» አለኝ። «አላወጣኋትም» አልሁት። መንገዱ ዳር ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። በእስሩ አላለቀሰም፤ ያን ቀን ግን አለቀሰ።

ዘፋኙ የደከመበትን ያግኝ፤ ይህን ዛሬም እላለሁ። ቅጣትም ይኑር። ግን የሚቀጣ ሰው ማዳበሪያውን ከማቃጠሉ በፊት እጁን ከትቶ ውስጡ ያለውን ይይ።

ይህን ሁሉ ስነግራት ሰብለ ስልኳን አስቀመጠች። «እናትሽ ድምፃቸው እንዴት ነበር?» አለችኝ። በካሴቷ ላይ ያለችውን አንድም ሳላስቀር አልሁላት። ቃሉ የእናቴ ነው። የተሰማው ግን የእኔው ድምፅ ነበር።