ከእጄ የማይወሰድ ቦርሳ

ቦርሳ ስፈልግ አሳቤ አንድ ነበር፤ ማንም «ልያዝልሽ» ብሎ ከእጄ የማይቀበለኝ ይሁን። ቀለሙና የኪሱ ብዛት ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

በእኛ አገር ጸጉሯ የሸበተ ሴት ዕቃ ይዛ አትሄድም። ታናሿ ካለ ታናሿ ይቀበላታል፤ ከሌለ መንገደኛው ይቀበላታል። አልሰጥም ማለት ነውር ነው፤ ሰውየውን አላመንሁህም እንደ ማለት ይቆጠራል። እኔም ነውሩን ፈርቼ ስሰጥ ኖርሁ።

ኮሌጅ አማርኛ አስተምር በነበረበት ዘመን የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ አንድ ጥናቴን «እስቲ እኔ ጋ ይቆይና ልየው» ብሎ ተቀበለኝ። ቆይቶ በስብሰባ ላይ በራሱ ስም ሲያነበው ሰማሁት። ስብሰባው ሲያልቅ በር ላይ ካፖርቴን ይዞልኝ ቆሞ ነበር። ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ጎንበስ ብሎ ነው ሰላም የሚለኝ። ጎንበስ ማለቱን ይችልበታል።

ከዚያ የባሰው ግን ታናሽ ወንድሜ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ በጣና ዳርቻ ያሉ ሴቶች ለቅሶ ላይ የሚያወርዱትን ሙሾ እሰበስባለሁ። ድምፁን በታብሌት እቀዳለሁ፤ ቤት ስገባ ላፕቶፕ ላይ እጽፈዋለሁ። ሙሾ አውራጆቹ እያለቁ ነው፤ ልጆቻቸው ድንኳን ውስጥ ድምፅ ማጉያ ተክለው መዝሙር ይከፍታሉ። ወንድሜ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደገ መሪጌታ ነው፤ ለእሱ ሙሾ ኃጢአት ነው። «ፍትሐት ያልበቃውን ነፍስ ያንቺ ግጥም ያጸድቀዋል?» ይለኛል።

አንድ ጊዜ ዘጌ ዘመድ ሞቶብን አብረን ሄድን። ስንመለስ ጀልባው ዘንድ እንደ ደረስን የእጅ ቦርሳዬን «አምጪ እታለም» ብሎ ተቀበለኝና ከቡናው ጆንያ ሥር፣ ከጀልባው ሆድ አስገባው። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ እንደሚነሣ በዚያ መንገድ የሚመላለስ ሰው ሁሉ ያውቃል። ውሃው ተነሣ። ባሕር ዳር ወደብ ደርሰን ቦርሳውን ሲያነሣው ከሥሩ ውሃ እንደ ቧንቧ ወረደ። ላፕቶፑም ታብሌቱም ሞቱ፤ የዓመታት ለቅሶ አብሯቸው ሞተ።

«እግዜር ያልወደደው ነገር ነው፣ እታለም» አለኝ። ሆን ብሎ አደረገው አልልም። ሆን ብሎ አይደለም ብዬም አልምልለትም።

ከጊዜ በኋላ አዲስ አበባ የምትሠራው ልጄ የራሷን ላፕቶፕና ታብሌት ላከችልኝ። ሁለቱን በፎጣ ጠቅልዬ ቦርሳ ልገዛ ወደ ገበያ ወጣሁ። የወንድሜ ሚስት ሳልጠራት ተከተለችኝ። መንገዱን ሙሉ «ያምጡት እንጂ እትዬ» እያለች ጥቅሉን ትጎትታለች፤ እኔም ወደ ራሴ እጎትታለሁ። ያየን ሰው የምንጣላ መስሎት ይሆናል። አልተሳሳተም።

ባለሱቁ መጀመሪያ ያወረደልኝ የሴት የትከሻ ቦርሳ ነው፤ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ። ላፕቶፑን ስከተው ማዕዘኑ ወጥቶ ዚፑ አልዘጋ አለ። ቀጥሎ በእጅ የሚንጠለጠል የቆዳ ቦርሳ አመጣ። ያማረ ነበር። ግን በእጅ የሚያዝ ነገር ከእጅ ይወሰዳል፤ መለስሁለት።

«ያን በጀርባ የሚታዘለውን አውርደው» አልሁት።

«ለልጅ ነው፣ እናቴ?»

«ለእኔ ነው። ውሃ ያስገባል?»

«ጣና ውስጥ ቢጥሉት ጠብ አይልበትም!»

«ጣናን ተወው። ውሃ አምጣ።»

የጠማኝ መስሎት የታሸገ ውሃ ከፍቶ ሰጠኝ። ሶፍት አጥፌ ቦርሳው ውስጥ ከተትሁና ዚፑን ዘግቼ ውሃውን አፈሰስሁበት። ባለሱቁ «ኧረ እናቴ!» ብሎ ዘለለ። ሶፍቱን ሳወጣው በዚፑ መስመር ልክ ርሷል። ሌላ አወረደ፤ ዚፑን ከላይ የሚሸፍን ክዳን ያለው። እሱንም አጠጣሁት። ሶፍቱ ደረቅ ወጣ። ከውስጥ ለታብሌቱ ለብቻው ኪስ አለው፤ ከላፕቶፑ ጋር አይፋጭም። ሥሩን ተጫንሁት፤ ወፍራም ስፖንጅ አለው። ሰው የሌላውን ዕቃ ሲያስቀምጥ ዱብ አድርጎ ነው፤ ስፖንጁ ከሥር ካልሆነ ከጎን ቢሆን አይጠቅምም።

«እትዬ፣ ይኼ እኮ የተማሪ ነው» አለች የወንድሜ ሚስት።

«ተማሪ ነኝ።»

«ከነጠላው ጋር በጀርባዎ? ልጅ ያዘሉ ነው የሚመስሉት! በዚህ ዕድሜዎ ከየት አመጡት ይሉዎታል።»

ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሳቁ። ባለሱቁም ሳቁን በክርኑ ሸፈነ።

«ያዘልሁትን ማንም ሳላውቅ አይወስድብኝም» አልኋት።

«ወንድምዎ እያለ ምን አስጨነቀዎ? እሱ ይይዝልዎ የለም ወይ?»

«ይዞልኝማ አይቻለሁ።»

ሳይመሽ ለባሏ እንደምታደርስልኝ አውቅ ነበር፤ እንድታደርስልኝም ነው የተናገርሁት።

ያን ቦርሳ ይዤ መጀመሪያ የሄድሁት ወደ ይፋግ ነው። በዳርቻው ያሉ ሙሾ አውራጆች ሁሉ «እኛ ምን እናውቃለን፣ እሳቸውን ጠይቂ» የሚሉኝ አንዲት አሮጊት እዚያ አሉ። ሐይቁ ከበላብኝ ሙሾ ብዙው ከእሳቸው አፍ የወጣ ነው። ታመዋል ሲሉኝ እንቅልፍ አጣሁ። እሳቸው ካለፉ ሁለተኛ የሚያገኘው የለም። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ቆይቶ በተከፈተ ሰሞን ልሄድ ስነሣ ወንድሜ «በዚህ ጊዜ ሴት ብቻዋን ያን መንገድ አትሄድም» ብሎ ጠምጥሞ መጣ። የሚስቱን ወሬ እንደ ሰማ ፊቱ ላይ አየሁት፤ ግን አላነሣውም፤ እኔም አላነሣሁትም።

ሚኒባሱ ዘንድ ስንደርስ ረዳቱ «ሻንጣ ወደ ላይ፣ እማማ!» አለ። አይሆንም ስለው ወንድሜ ከኋላዬ መጥቶ አንዱን ማንገቻ ከትከሻዬ አወለቀ።

«ተው!» ብዬ ጮህሁ።

«ልያዝልሽ እኮ ነው፣ እታለም።»

«አልሰጥህም!»

ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። ዶሮ አቅፋ የተቀመጠች ሴት «ውይ! ለወንድሟ ነው እንዲህ የምትለው? ያውም ለመሪጌታ?» አለች። እሱ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ጥምጣሙን አስተካከለ።

«በሰው ፊት ሌባ አደረግሽኝ» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ሌባስ የወሰደውን ያውቀዋል» አልሁት።

ዓባይ ማዶን፣ የገዛ ሰፈሩን ስናልፍ በመስኮት አላየም። ሐሙሲት ደረስን። እዚያ መኪናው ለሻይ ሲቆም ከሰው ጋር ወረደ። ሻይ ቤት አልገባም። መንገዱን ተሻግሮ ቆመና ከጎንደር በኩል ለመጣ አውቶቡስ እጁን አነሣ። ወደ ባሕር ዳር ተሳፈረ።

«መሪጌታው አይመለሱም እንዴ?» አለኝ ረዳቱ።

«አይመለሱም። ንዳው በለው» አልሁት።

ይፋግ ስደርስ አሮጊቷ ደጃፋቸው ላይ የተሰጣ ሩዝ ከዶሮ እየጠበቁ መደብ ላይ ጋደም ብለዋል። ከስተዋል፤ ዓይናቸው ግን አልከሳም።

«ብቻሽን ነው የመጣሽ፣ ልጄ?» አሉኝ።

ጉዳዬን ለሰው የምዘረግፍ ሴት አይደለሁም። ለእሳቸው ግን የጀልባውንም የሐሙሲቱንም ነገርኋቸው። ምናልባት ስለማያውቁን ነው። ከዚያ ታብሌቱን አውጥቼ የድሮዎቹን ሙሾዎች እንዲነግሩኝ ለመንሁ።

«ሙሾ እንደ ተረት በደረቁ አይነገርም» አሉ። «ሟች ይፈልጋል። ማንን ላልቅስልሽ?»

«ቀድሞ የሞተ ሰው ይሁን።»

«የቀድሞ ሟች እንባው ደርቋል። ግጥሙ ከእንባው ጋር ነው የሚመጣ።» ፊቴን አተኩረው አዩ። «ወንድምሽን ስጪኝ።»

«እማማ! እሱ እኮ በሕይወት አለ። ሟርት ይሆናል!»

«እኔ የማየው ያንቺን ፊት ነው። ቀብረሽው ነው የመጣሽ። ታዲያ የቀበሩትን ሳያለቅሱለት ይተዋል?»

ታብሌቱ እጄ ላይ ነበር። አሮጊቷ አሁን አሁን ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ነገ እመለሳለሁ የምልበት መንገድ አልነበረኝም። መቅጃውን ነካሁት።

ጀመሩ። ድምፃቸው ከዚያ ደረት ይወጣል ብሎ የሚያምን የለም።

ጋሻዬ ነው ብዬ ስኮራ በወንድሜ፣
ሐሙሲት ላይ ቀረ ጥሎኝ ከነሸክሜ።

ሙሾ ተቀባይ ካላገኘ ይቆማል፤ አውራጇ ወርውራ ዝም ትላለች፣ ሌላው ተቀብሎ ያለቅሳል። እዚያ ደጃፍ ከእኔ ሌላ ሰው አልነበረም። የስንቱን ለቅሶ ስቀዳ አንድ ቀን ድምፄን አውጥቼ አላውቅም፤ ጥግ ይዤ የምቀመጥ ሴት ነበርሁ። «ወይኔ ወንድሜ!» አልሁ። መጀመሪያ ሥራዬን ነው የሠራሁት። ቆይቶ ግን እንባው መጣ፤ ለማን እንደ መጣ አልመረመርሁም። ሐይቁ የበላቸው ግጥሞች አንድ በአንድ እየተመለሱ ነበር፤ አሮጊቷ ለወንድሜ ቁመት ልክ እያደረጉ ያወርዷቸው ነበር።

አንድ ያላሰብነው ነገር ነበር። ሙሾ የሰማ ጎረቤት ቤቱ አይቀመጥም። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ዱላቸውን ይዘው ከየማሳው መጡ።

«ማን ነው? ማን ሞተ?»

አሮጊቷ ትንፋሽ እንኳ ሳይወስዱ «የእንግዳዬ ወንድም!» አሉ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ማንም አልሞተም ብል፣ በደኅና ቀን መንደራችን ላይ ሟርት ጠራችሁ ብለው ሁለታችንንም ያዋርዱን ነበር። ታብሌቱም ገና እየቀዳ ነው። አንገቴን ደፋሁ። በቃ፤ ደጃፉ በሙሉ ተቀባይ ሆነ። ደረታቸውን እየደቁ፣ ያላዩትን ወንድሜን ደግ ነበር፣ ቀኝ እጅ ነበር እያሉ አለቀሱለት። በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ሙሾ አልቀዳሁም። የማያውቁት ሰው ስለሆነ ጥፋቱን የሚያስታውስ አልነበረም።

ሲበቃቸው ውሃ አጠጡኝ፤ ሟቹ የየት ነው ሲሉኝ የዓባይ ማዶው መሪጌታ ነው ማለት አመለጠኝ፤ «እግዜር ያጽናሽ» አሉኝ። አሮጊቷ ወደ መደባቸው ተመልሰው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ልሄድ ስነሣ አንድ ጎልማሳ መጥቶ ቦርሳውን ከጀርባዬ አወለቀው።

«የለም፣ ይቆይ» አልሁ።

«ሐዘንተኛ ዕቃ አትይዝም፣ እናቴ» አለኝ።

ምን ልበል? ውሃ አፍስሼ፣ ሥሩን ተጭኜ የመረጥሁት ቦርሳ በማላውቀው ሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ሄደ፤ እኔ ዓይኔን ሳልነቅል ባዶ እጄን ተከተልሁ። መኪና አቁሞ አሳፈረኝና ቦርሳውን እንደ ሕፃን ጭኔ ላይ አኖረው። ወዲያው ከፈትሁት። ሁለቱም ደኅና ነበሩ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ያ ሰው አናደደኝ።

ከይፋግ ሰዎች አንዱ ባሕር ዳር ዘመድ ኖሮት የመርዶውን ስልክ ደውሏል። እኔ ዓባይ ማዶ ስደርስ ፀሐይ አልጠለቀችም፤ በሚኒባሱ መስኮት ወደ ወንድሜ ቤት በሚያስገባው መንገድ ነጠላ የዘቀዘቁ ሴቶች ሲገቡ አየሁ። «ውረጅ» አለኝ ልቤ። አልወረድሁም። ድልድዩን ሳንጨርስ ስልኬ ጮኸ።

«እታለም» አለ። ድምፁ ደኅና ነው። «ሞቻለሁ አሉ።»

«ሰማሁ።»

«በሩን ራሴ ነኝ የከፈትሁላቸው። ከሰፈሩ ሴቶች አንዷ አይታኝ ተዝለፍልፋ ወደቀች።»

ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር፤ እሱም ሊስቅ የነበረ ይመስለኛል። ሁለታችንም ያዝነው።

«አንቺ ነሽ ያስለቀስሽብኝ?»

«አሮጊቷ ናቸው ያወረዱት። እኔ ተቀባይ ነበርሁ።»

በስልኩ ውስጥ ደጁ የተሰበሰበው ሰው ይሰማኛል፤ አንዱ «ተመስገን» ይላል፣ አንዱ ይቆጣል። ከዚያ፣ ሙሾ ኃጢአት ነው ሲለኝ የኖረው ወንድሜ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምን ብለው አለቀሱልኝ?» አለ።

አልነገርሁትም።

«እንግዲያ ታብሌቱን በሰው ላኪልኝና ልስማው» አለኝ። «መልሼ እልክልሻለሁ።»

«ከቤቴ አይወጣም። መጥተህ ስማ።»

«አሁንም አታምኚኝም።»

«መጥተህ ስማ አልሁህ።»

ስልኩን ዘጋው። አሮጊቷ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ፤ በእሳቸው ቀብር ላይ ሙሾ የሚያወርድ አልተገኘም፣ መዝሙር ተከፈተ ብለው ነገሩኝ። የእሳቸውን ድምፅ ከላፕቶፑ ሌላ ልጄም ዘንድ አኑሬዋለሁ፤ ከእንግዲህ አንድ ጀልባ አያጠፋውም። ሙሾዎቹን ጽፌ ጨርሻለሁ። የወንድሜን ግን ለማንም አላሰማሁም። ሚስቱ ገበያ ስታገኘኝ «ይጠይቃል፣ እትዬ፤ ይላኩለት» ትለኛለች። ከዓባይ ማዶ እስከ እኔ ቤት በባጃጅ ቅርብ ነው። እስካሁን አልመጣም። እኔም አልላክሁለትም።