የዘራችን ጥራት በሐኪም ፊት

ጡቴ ላይ ሽምብራ የምታህል እባጭ ያገኘሁት ሸሚዜን ስቆልፍ ነው። ወንድ ነኝ፣ ጢም አለኝ፣ ቦንጋ በአንድ የመንግሥት ቢሮ ማኅተም እመታለሁ፤ ጡት አለኝ ብዬ አስቤ አላውቅም። ሁለት ወር ሙሉ ትጠፋለች እያልኩ ጠበቅኳት። እሷ ግን ባቄላ አከለች። ፈራሁ።

ለታላቅ ወንድሜ ነገርኩት። ከት ብሎ ሳቀና "ታዲያ መቼ ነው የምታጠባው?" አለኝ። ሐኪም ቤት ግን ብቻዬን አልሰደደኝም፤ ክራቫቱን አስሮ ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ ተሸጎጠ።

ወጣቱ ሐኪም እባጯን ዳሰሰና ብዕሩን አነሳ። "ከቤተሰብ የጡት ካንሰር የያዘው ሰው ነበር? በእናትም በአባትም በኩል?"

አፌን ሳልከፍት ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገ። እሱ ይህን ጥያቄ የሚያውቀው ከሽማግሌ አፍ ነው። እኛ ዘንድ ልጅ ስትጠየቅ ዘር ይጣራል፤ ሰባት ቤት ይቆጠራል፣ በሽታ እንዳለ ይጠየቃል፣ መልሱም ምንጊዜም "የለም" ነው። ታላቋን ልጁን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ደግሞ የሚመጡት በዚያው ሳምንት እሁድ ነበር።

"ዶክተር፣ የኛ ዘር ንጹሕ ነው" አለና አባቶቻችንን እስከ ሰባተኛው ቆጠረለት። አንዱ ከፈረስ ወድቆ ሞተ፣ አንዱን ጎሽ ወጋው፣ አንዱ ማር ሊቆርጥ ወጥቶ ከዛፍ ወደቀ። እኔ ደረቴን እንዳጋለጥኩ በርዶኛል። ሐኪሙ መጻፉን ተወ።

"አባቴ፣ እኔ ልጅ ልጠይቅ አልመጣሁም" አለው።

ከዚያ ረጋ ብሎ አስረዳው። ይህ በሽታ በአንዳንድ ቤተሰብ በዘር ይተላለፋል፤ ወንድ ላይ ሲታይማ ዘሩን መጠየቅ ግድ ነው። ወንዶች ላይ የፕሮስቴት ካንሰርም አብሮ ሊመጣ ይችላል። አባት ራሱ ሳይታመም ለሴት ልጁ ሊያወርሳት ይችላል። ቶሎ ከተደረሰበት ግን ብዙ ጊዜ ይታከማል።

"ለሴት ልጁ?" አለ ወንድሜ። ክራቫቱን አላላ። "የአባታችን እህት በጡት ነው የሞተችው። ለሰው ምች ነው አልን። አባታችንም በመጨረሻው ዓመት ማንም ፊት ሸሚዙን አያወልቅም ነበር።"

ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ተናደድኩበት፤ ወዲያው ደግሞ አንጀቴን በላው።

ሐኪሙ ለቀዶ ጥገና ወደ ጅማ ላከኝ፤ ከመሄዴ በፊት ግን እሁድ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ደርበው ተቀመጡና እንደ ወጉ ስለ ዘራችን ጠየቁ። ወንድሜ ሰባቱን ቤት ቆጠረ፤ ፈረሱም ጎሹም ማሩም አልቀሩም።

"ደግሞም" አለ፣ "ጡት ያመናል። ሴቶቹንም ወንዶቹንም። ልጄም ትመረመራለች። ይህን አውቃችሁ ውሰዷት።"

ጋብቻው በእኔ ጡት ፈረሰ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ቀና ስል የሙሽራው አጎት፣ ከሽማግሌዎቹ ሁሉ ኮስታራው፣ እጁን ቀስ አድርጎ ጋቢው ውስጥ ከቶ የራሱን ጡት እየዳሰሰ ነበር።